ቻርጅ ያለሰዓቱ ይጀምራል፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይቆማል፤ 16 አምፔር ሳደርገው ስፒናው ይፋጃል

የቂርቆሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቻይና ሠራሽ ናት፤ ባትሪዋ 45 ኪሎዋት ሰዓት፣ ዓይነቱ ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት)፣ የቻርጅ ሶኬቷ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት። ቻርጅ የማደርጋት ቂርቆስ ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ አብሯት በመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ነው። ቤቱ የድሮ ነው፤ ቆጣሪው ባለ አንድ ፌዝ፣ የካርድ። የቻርጀሩ ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው መሀል ላይ አዳፕተር አስገብቼበታለሁ።

መብራት ጫና በማይበዛበት ሰዓት እንድትሞላ ብዬ በስክሪኗ ላይ የቻርጅ ሰዓቱን ከ22:00 እስከ 06:00 ሞላሁት፤ ማለትም ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12። ማታ 1 ሰዓት ላይ ስሰካት ግን 4 ሰዓትን ሳትጠብቅ ወዲያው ትጀምራለች፤ ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን ታቆማለች። ጠዋት ሳያት ከ30 በመቶ 50 ብቻ ደርሳለች። ቻርጀሩ ላይ 8፣ 10፣ 13፣ 16 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ 8 ላይ ነው ያለው። 16 ሳደርገው 40 ደቂቃ ያህል ይሠራና ቀይ መብራት እያብለጨለጨ ይቆማል፤ ስፒናውን ሲነኩት ይፋጃል። ካርዱ ላይ ሂሳብ አለ። አንድ ጋራዥ ባትሪው ሳይደክም አልቀረም ብለውኛል። ባትሪው ነው ወይስ የቤቱ መስመር?

አምፔር፦

እህቴ፣ ባትሪውን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ አንድ ነገር ተመልከቺ፦ አሁን ስክሪኗ ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል? ከስልክሽ 5 ሰዓት ከቀደመ መኪናዋ ያለችው በቤጂንግ ሰዓት ነው፤ ያልሽው ሁሉ ከዚያ ጋር ልክ ይገጥማል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ስትሰኪያት ለእሷ እኩለ ሌሊት፣ 00:00 ነው። ከ22:00 እስከ 06:00 ባልሻት መስኮት ውስጥ ስለገባች ወዲያው ትጀምራለች። የቤጂንግ 06:00 ደግሞ የእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ታቆማለች። የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው።

መፍትሔው ሁለት ነው። የሚመረጠው በሲስተም ቅንብሩ ውስጥ ሰዓት የሚለውን ከፍቶ አውቶማቲክ የሚለውን ማጥፋት፣ የሰዓት ቀጠናውን ዩቲሲ +3 ማድረግ፣ አቆጣጠሩንም ባለ 24 ሰዓት ማድረግ ነው። ሜኑው በቻይንኛ ከሆነ የስልክ ካሜራ ትርጉም ይበቃል። ከዚያ መኪናዋን ቆልፈሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ተያትና እንደገና ክፈቺ። አንዳንዶቹ ሲነቁ ወደ ቤጂንግ ሰዓት ስለሚመለሱ ነው ይሄ ፍተሻ የሚያስፈልገው።

ከተመለሰች አትታገያት፤ በእሷ ሰዓት አስልተሽ ሙዪ። ለሌሊት ሰዓት ስሌቱ በጣም ቀላል ነው፦ ከእኛ ሰዓት አንድ ቀንሺ። የእኛ ሌሊት የሚጀምረው በ18:00 ነው፤ በቤጂንግ ያኔ 23:00 ነው። ስለዚህ ማታ 1 ሰዓት 00:00፣ ማታ 4 ሰዓት 03:00፣ ንጋት 12 ሰዓት 11:00 ይሆናል። አንቺ የምትፈልጊው መስኮት ከ03:00 እስከ 11:00 ነው።

የመኪናዋን የስልክ አፕ የምትጠቀሚ ከሆነ እዚያም የተቀመጠ የቻርጅ ሰዓት ካለ ሰርዢው። ሁለት መርሐ ግብር ካለ የትኛው እንደሚሠራ መገመት አይቻልም። ስትፈትሺ ሌሊቱን ሙሉ አትጠብቂ፤ መጀመሪያውን ከአሁን 10 ደቂቃ በኋላ አድርገሽ ስኪያትና አጠገቧ ቁሚ። ደቂቃው ሲደርስ ከውስጥ ቀጭ የሚል የማብሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ቻርጀሩ ላይም አምፔሩ ከዜሮ ተነስቶ ይወጣል።

ሽቦና ብሎን፦

ሰዓቱ ተፈታ። እኔ ወደ አምፔሩ ልሂድ፣ ምክንያቱም የሚያስፈራው እሱ ነው።

ከ30 ወደ 50 በመቶ ማለት 9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። 8 አምፔር በ210 ቮልት 1.68 ኪሎዋት ነው፤ በ6 ሰዓት 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። አንድ አስረኛው በመንገድ በሙቀት ይጠፋል፤ 9 ይቀራል። ሂሳቡ ስለገጠመ ባትሪው ደከመ የሚያሰኝ ምንም ነገር የለም።

ቻርጀሩ ለመኪናዋ ስንት አምፔር መውሰድ እንደምትችል የሚነግራት ሲፒ በሚባለው ቀጭን መስመር ነው። በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ይልካል፤ ከእያንዳንዱ ዙር 26.7 በመቶውን በርቶ ከቆየ 16 አምፔር፣ 13.3 በመቶውን ከሆነ 8 አምፔር ማለት ነው። መኪናዋ ከተነገራት በላይ አትወስድም። በራሷ ስክሪን ላይም የኤሲ፣ ማለትም ከቤት መስመር የሚገባው፣ ቻርጅ ገደብ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚገዛው ትንሹ ነው። በብዙዎቹ ቻርጀሮች ቁጥሩ የሚቀየረው ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ገና መኪናዋ ላይ ሳይሰካ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ ዝቅተኛው የሚመለሱም አሉ፤ መብራት በጠፋ ማግስት ቁጥሩን እዪው።

አሁን ስለ ሙቀቱ። የላላ መጋጠሚያ 0.1 ኦም ቢኖረው በ8 አምፔር 6.4 ዋት ነው የሚሞቀው። በ16 አምፔር እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ፣ 25.6 ዋት ይሆናል። ይሄ የሬዲዮ ጠጋኝ የቆርቆሮ መበየጃ ሙቀት ነው፤ አንቺ ጋ ያ ሙቀት አዳፕተር ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ቻርጀሩ ያቆመው ስፒናው ውስጥ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ስላለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዳፕተሩ ይውጣ። ስፒናውን ቆርጠሽ ሌላ አታስተክዪበት፤ ሴንሰሩ አብሮ ይቆረጣል። ይልቅ ስፒናው የሚገባበትን ባለ 16 አምፔር ጠፍጣፋ ሶኬት ግድግዳው ላይ አስተክዪ። ባለ 10 አምፔሩ መልኩ ያው ነው፣ ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ሲገዛ ቻርጀሩን ይዞ መሄድ ነው። ዲቫይደር በፍጹም።

ብዙ ሰው "የምጣዱ መስመር ወፍራም ነው፣ እዚያ ሰካት" ይላል። ምጣድም 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ስለሚወስድ እኩል ናቸው፤ ልዩነቱ ምጣድ እየበራ እየጠፋ ለአንድ ሁለት ሰዓት ነው የሚሠራው፣ መኪና ግን ሳያርፍ 10 ሰዓት። ለምጣድ የቻለ ሶኬት ለመኪና ሊቀልጥ ይችላል። ሁለቱ አብረው ከበሩ ደግሞ ከ30 አምፔር በላይ ነው።

ኤሌክትሪሻን ጥሪና በማልቲሜትር እነዚህን ያንብብልሽ፦ ብሬከር ሳጥኑ ላይና ሶኬቱ ላይ በፌዝና በኒውትራል (ኃይል አምጪውና መላሹ ሽቦ) መሀል፣ ሳይጫንና በ16 አምፔር ተጭኖ። ሲጫን ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ እጅሽ ብሬከሩ ላይ ሆኖ። እንዲሁም ሶኬቱ ላይ በኒውትራልና በኧርዝ (ወደ መሬት በሚወርደው ሽቦ) መሀል፣ ያንኑ ጊዜ።

የቂርቆሷ፦

አምፔር፣ ሰዓቱ ልክ 5 ሰዓት ይቀድማል። ቀጠናውን ቀየርኩት፣ ስትነቃ ተመለሰች። ከ03:00 እስከ 11:00 ሞልቼ ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ጀመረች። ተባረክ።

ኤሌክትሪሻኑ የለካው ይሄ ነው። ሳይጫን ሁለቱም ቦታ 218። በ16 አምፔር ብሬከር ሳጥኑ 212፣ ሶኬቱ 199። ኒውትራልና ኧርዝ ሲጫንም ሳይጫንም 0.0። ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ 20 ሜትር ነው፤ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው ብሏል። ኧርዙ ዜሮ ስለሆነ በጣም ጥሩ ነው አለኝ።

ሽቦና ብሎን፦

ይቅርታ፣ እሱ ዜሮ ጥሩ አይደለም። እስኪጣራ ድረስ ቻርጅ አታድርጊያት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በ16 አምፔር ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ 13 ቮልት ጠፍቷል። የተወሰነው የጠፋው በኒውትራሉ ሽቦ ላይ ነው። እውነተኛ ኧርዝ ቢሆን ኖሮ ኒውትራሉ ሲጫን ከእሱ በተወሰነ ቮልት ከፍ ብሎ መነበብ ነበረበት። 0.0 ሆኖ ከቀረ ሁለቱ እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ተያይዘዋል ማለት ነው። ብሬከሩን አጥፉና ሶኬቱን ክፈቱት፤ ከኒውትራሉ ብሎን ወደ ኧርዙ ብሎን የተጠመዘዘች የጣት ግማሽ የማታህል ሽቦ ታገኛላችሁ። ቻርጀሩ ኧርዝ የለም ብሎ እንዳያቆም የሚደረግ ነገር ነው። ኒውትራሉ ከኋላ የሆነ ቦታ ቢላቀቅ 220ው በዚያች ሽቦ አልፎ የመኪናዋ አካል ላይ ይወጣል። መኪናዋ ጎማ ላይ ስለቆመች ምንም ምልክት አታሳይም፤ በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የነካ ሰው ነው የሚያገኘው።

የ13 ቮልቱም ነገር እንዲሁ አይታለፍ። 2.5 ካሬ መዳብ በ20 ሜትር ደርሶ መልስ 0.28 ኦም ነው፤ በ16 አምፔር 4.5 ቮልት ይበላል። ቀሪው 8.5 ቮልት በሽቦው ውፍረት አይገለጽም። የላላ ማያያዣ አለ፣ እዚያ ቦታ 136 ዋት እየነደደ ነው። የመገጣጠሚያ ሳጥኖቹን ክፈቱ፤ ላስቲኩ የጠቆረበት ወይም የጨረጨሰበት ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ) ታገኛላችሁ። ከምሰሶ እስከ ሳጥኑ የጠፋው 6 ቮልት ግን ብዙ አይደለም፤ እሱን ተዉት።

ለማንኛውም የድሮውን መስመር ከመጠገን አዲስ ማውጣት ይሻላል። ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ መሀሉ ያልተቀጠለ ባለ 4 ካሬ መዳብ፣ ሦስት ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር ለብቻው። 16 አምፔር ለረጅም ሰዓት ሲሄድ በ1.25 ይባዛል፤ 20ው የመጣው ከዚያ ነው። የቮልቱ ብክነት ወደ 2.8 ይወርዳል።

መሬት፦

ስለ ኧርዙ እኔ ልጨምር። መዳብ የተለበጠ 1.5 ሜትር ዘንግ፣ ጥላና እርጥበት ያለበት ጥግ ላይ፣ በሚቻል መጠን ከሶኬቱ ቅርብ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ በክረምት ጥሩ ይለካል፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ግን ዘንጉን ይለቀዋል። ስለዚህ የሚለካው በበጋ ነው። ኦሙ ከበዛ ሁለተኛ ዘንግ ይጨመር፤ ከመጀመሪያው ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል ይራቅ፣ ካልሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ዘንግ ብቻውን ግን አያድንም። ዘንጉ 20 ኦም ቢሆን፣ ፌዙ የመኪናዋን አካል ቢነካ የሚፈሰው 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። 20 አምፔሩ ብሬከር ይሄን እንደ ተራ ጭነት ያየዋል፣ አይወርድም። ለዚህ ነው ሊኬጅ ብሬከር፣ አርሲሲቢ የሚሉት፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚያቋርጠው፣ ባለ 30 ሚሊአምፔር የግድ የሚሆነው። ዓይነቱ ኤ ይሁን፤ ኤሲ የሚባለው በመኪና ቻርጀር ሊደነዝዝ ይችላል። ሲገዛ ፊቱ ላይ ያለውን ሥዕል ማየት ነው፦ ኤሲው ላይ አንድ ሞገድ ብቻ አለ፣ ኤው ላይ ከሞገዱ ሥር ግማሽ ጉብታዎች ተጨምረዋል። ከተተከለ በኋላ ቲ የምትለዋን ቁልፍ በየወሩ ተጫኚያት።

ጎማ ቀያሪ፦

እኔ የምለው የቻርጅ ገደቡን 80 በመቶ ላይ አድርገሽ እርሺው፣ ባትሪው ይቆይልሻል።

አምፔር፦

ወንድሜ፣ ያ ምክር ኒኬል ላለበት ሊቲየም ባትሪ ትክክል ነው። የእሷ ኤልኤፍፒ ነው። የኤልኤፍፒ ቮልቴጅ በመካከለኛው ክልል ከሞላ ጎደል ስለማይለወጥ ኮምፒውተሩ መጠኑን በትክክል የሚያውቀው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ለወራት 80 ላይ ከቆመ ግምቱ ይዛባና 25 በመቶ እያለ ድንገት ሊወርድ ይችላል። በሳምንት አንዴ 100 ድረስ ሞልታ፣ 100 ካለች በኋላም ራሷ እስክታቆም ሳትነቀል ትቆይ። በሌላው ቀን 80 ቢሆን ችግር የለውም።

ጋራዡ ባትሪ ላለው ደግሞ፣ ፈጣን ቻርጀር ላይ ወስዳችሁ ብትሞክሯት እንኳ የቤቱን ችግር አይነግራችሁም። ፈጣኑ ዲሲ ስለሆነ የመኪናዋን የውስጥ ቻርጀር ሳይነካ በቀጥታ ወደ ባትሪው ነው የሚገባው። ማመሳከር ከተፈለገ ኧርዙ የተረጋገጠ ሌላ ቤት ላይ በዚሁ ቻርጀር መሞከር ነው።

የቂርቆሷ፦

ሽቦዋ ተገኝታለች። ሶኬቱ ውስጥ፣ ልክ እንዳልከው። አንዱ ሞርሴቶም እጅ ላይ ተፈረፈረ። አዲሱ መስመር ተዘርግቷል፦ ባለ 4፣ 20 አምፔር፣ ኤ ዓይነት ሊኬጅ፣ ዘንግ። በ16 አምፔር ሶኬቱ ላይ 209፣ ስፒናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ለብ ያለ ብቻ። ግን ከማታ 4 እስከ 12 ሞልታ ከ30 ወደ 83 ነው የደረሰችው። የቀረ ነገር አለ?

ሽቦና ብሎን፦

የለም፣ ሂሳቡ ያ ነው። 209 በ16 ሲባዛ 3.34 ኪሎዋት፣ በ8 ሰዓት 26.7፣ ከብክነት በኋላ 24 ኪሎዋት ሰዓት። ከ45ቱ 53 በመቶ። ከ30 እስከ 100 ለመሙላት 10 ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ሳምንታዊውን 100 ለምትሞዪበት ሌሊት መጀመሪያውን ወደ ማታ 2 ሰዓት አምጪው፣ በእሷ ሰዓት 01:00፣ መጨረሻውንም 12:00 አድርጊው፤ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ያን ቀን እንጀራ ከማታ 2 በፊት ይጋገር።

አዲሱ መስመር ሁለት ሳምንት ከሠራ በኋላ ብሬከሩን አጥፍታችሁ የሶኬቱንና የብሬከሩን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ። አዲስ መዳብ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይላላል።