ራጂንድራ ዳንራጅ ለምን አራት ቴስት ብቻ ተጫወተ?

ጥያቄ፤ ከደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ አንባብያን፣ እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ክሪኬትን ያስተዋወቀኝ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሕንዳዊ መምህር ነው። ከሥራ በኋላ በቴኒስ ኳስ ሌግ ስፒን የሚባለውን በአንጓ የሚሽከረከር ውርወራ ሲወረውርልኝ፣ አንጓውን አዙሮ የለቀቃት ኳስ መሬት ነክታ ከእግሬ በኩል ወደ ውጭ ስለምታፈተልክ፣ በገና ሩር ስለጋ ያደግሁ ብሆንም እንኳ ዱላዬ አየር ይቀዝፍ ነበር። እንዲህ የሚወረውረው የትሪኒዳድና ቶቤጎው ሌግ ስፒነር ራጂንድራ ዳንራጅ በካሪቢያን የአገር ውስጥ ውድድር ለዓመታት ብዙ ዊኬት ወስዶ (ብዙ መቺዎችን ከጨዋታ አስወጥቶ) ሳለ፣ ለካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን ለዌስት ኢንዲስ የተሰለፈው እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 በአራት ቴስት (እስከ አምስት ቀን በሚፈጅ የብሔራዊ ቡድኖች ግጥሚያ) ብቻ መሆኑን ሳነብ አዘንኩ። ችሎታው ከአገር ውስጥ ውድድር አያልፍም ነበር ማለት ነው?

መልስ፤ ከባሕር ዳር

ሁለተኛ ዲግሪዬን ሕንድ አገር ስማር ይህን ጨዋታ በቅርብ ተከታትያለሁ። ዌስት ኢንዲስ ከ1980 እስከ 1995 አንድም የቴስት ተከታታይ ግጥሚያ ሳትሸነፍ የዘለቀችው በፈጣን ወርዋሪዎቿ ነው፤ ዳንራጅ በመጣበት ዘመንም ፈጣኖቹ አምብሮስና ዋልሽ ነበሩ፤ ስለዚህ ኳስ ለሚያሽከረክር ስፒነር የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጠባብ ነበር። ሌግ ስፒነር ደግሞ ረጅም ጊዜ ካልተሰጠው አይፈካም። በአንጓ የሚወረወር ኳስ ለመቆጣጠር ስለሚያስቸግር መጀመሪያ ለመቺው ቡድን ነጥብ ይሰጣል፤ መቺውን የሚያታልለው ውሎ አድሮ ነው። አራት ቀን በሚፈጀው የአገር ውስጥ ጨዋታ አምበሉ ይህን ጊዜ ይሰጠዋል። የሰኔን ቡቃያ አይቶ የኅዳርን ምርት መናገር እንደማይቻል ሁሉ፣ በአራት ግጥሚያም ሰውየውን መመዘን አይገባም።

መልስ፤ ከዳንግላ

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም መራጮቹን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ዳንራጅ በእነዚያ አራት ቴስቶች ያገኘው ስምንት ዊኬት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱም በአማካይ ከ70 በላይ ነጥብ ለተቃራኒ ቡድን ሰጥቷል።

የጉያናውን ሌግ ስፒነር ዴቬንድራ ቢሹን ደግሞ እንመልከት። በግንቦት 2011 ፕሮቪደንስ ላይ የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫወተ፣ በዚያው ዓመትም የዓለም አቀፉ ክሪኬት ምክር ቤት የዓመቱ ብቅ ያለ ተጫዋች ብሎ ሸለመው። ብዙም ሳይቆይ ከብሔራዊ ቡድኑ ወጣ። እዚህ ላይ የአገር ውስጥ ውድድሩ ዋጋ በግልጽ ይታያል፤ ለጉያና መወርወሩን ቀጥሎ በ2015 ተመለሰ፣ በ2016ም ዱባይ ላይ ለፓኪስታን 49 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ስምንት ዊኬት ወሰደባት። ቡድኑ ያን ግጥሚያ በ56 ነጥብ ቢሸነፍም፣ ያን ዕለት የወረወረው ሁሉ ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። በ36 ቴስቶች 117 ዊኬት አለው። ዳንራጅ የተነፈገው ይህ ሁለተኛው ዕድል ነው።

መልስ፤ ጠያቂው ከደብረ ማርቆስ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሌላው የትሪኒዳድ ሌግ ስፒነር ሳሙኤል ባድሪ እንደ እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር እንደነበረ፣ በአጭሩ የሃያ ኦቨር (ኦቨር የስድስት ውርወራ ዙር ነው) ጨዋታም በ2012 እና በ2016 የዓለም ዋንጫ ካነሡት አንዱ መሆኑን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ከተማሪዎቼ መካከል አንጓውን በሚገባ የሚያዞር ልጅ አለ፤ ኳሱ ግን ሦስት ጊዜ ከተወረወረ ሁለቱን ይስታል። እስካሁን ከሁለተኛው ስሕተት በኋላ ኳሱን እቀበለው ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ግን ሰዓቱ እስኪያልቅ እንዲወረውር እተወዋለሁ።