ከናዳ በኋላ የሚለገስ ማሽን ማንን ያድናል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሲደርስ የተቀበሩትን ለማውጣት ሰው የቆፈረው በእጁና በአካፋ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የግንባታ ኩባንያዎች መሣሪያ ቢለግሱ ይበቃል ወይስ አስቀድመው እንዲያዘጋጁ በሕግ ይገደዱ?

የመንገድ መሐንዲስ፦ ማስገደዱን እቃወማለሁ። አንድ ኤክስካቫተር (የመቆፈሪያ ማሽን) ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን ሁሉ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ አደጋ እየጠበቀ እንዲቆም የሚፈቅድ ባለንብረት አይገኝም። የሚለግሰውን በአደባባይ እናመስግን፣ ሌላውም ይከተለዋል።

ነርስ፦ ወንድሜ፣ ኪሳራውን ቆጠሩ፤ እስቲ ደቂቃውንም ይቁጠሩልኝ። ፎቅ ሲደረመስ በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ እዚያ ውስጥ ሰው ለቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እርጥብ ጭቃ ግን አፍንጫና ደረት ላይ ይጣበቃል እንጂ ክፍተት አይተውም። በማግስቱ የሚደርስ ማሽን በአብዛኛው የሚያወጣው አስከሬን ነው። ይህን አላቃልለውም፤ እናት ልጇን አግኝታ መቅበር ይገባታል። ነፍስ ማዳን ብለን ግን አንጥራው።

ከሳውላ (የጎፋ ዞን ዋና ከተማ) መምህር፦ ሁለታችሁም ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው ሊያወጧቸው ሮጡ፤ እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። የሟቾች ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። በዚያች ሰዓት 100 አካፋ ቢጨመር ኖሮ 100 ሰው ጨምረን እዚያው ተራራ ሥር ባቆምን ነበር! የጎደለው ዓይኑን ከተዳፋቱ የማይነቅል አንድ ሰው ነው፤ ፊሽካ የያዘ፣ ስንጥቁ ሲሰፋ «ውጡ!» ሲል የሚሰሙት። ሰው ወንድሙ ከሥር እያለ ውጣ ሲሉት እሺ አይልም፤ ስለዚህ ያ ሰው አስቀድሞ የታወቀና የተከበረ መሆን አለበት። ከባድ ማሽንም ቢሆን ውኃ በጠጣ ተዳፋት ላይ በክብደቱና በንዝረቱ ሌላ ናዳ ሊቀሰቅስ ይችላል።

የመንገድ መሐንዲስ፦ የመጨረሻውን እቀበላለሁ፣ ሙያዬ ነውና። በሰንሰለት የሚሄድ ኤክስካቫተር ሩቅ መንገድ በራሱ አይጓዝም፤ በሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን በሚያጓጉዝ ረጅም ተሽከርካሪ፣ ይጫናል፣ ሎቤዱ ደግሞ ጠባብ የገጠር መንገድ ላይ አይታጠፍም። ታዲያ ልገሳው ይቅር ነው የምትሉት?

ነርስ፦ አይቅር፤ ጊዜው ይለወጥ። ሰኔ ሳይገባ፣ በግንቦት ይምጣ። ድጅኖ፣ ገመድ፣ ባሬላ፣ የራስ መብራት፣ ጀነሬተር ከነነዳጁ በቀበሌው ይቀመጥ። በባትሪ የሚሠራ መቁረጫ ከተሰጠም ኃይል መሙያው አብሮ ይምጣ፤ የአንዱ ኩባንያ ባትሪ ብዙ ጊዜ በሌላው ኩባንያ መሣሪያ ላይ አይሠራም። መሣሪያ ብቻውን እንደማያድን ደግሞ ቆሼ ያስታውሰን፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማሽን በሞላባት አዲስ አበባ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው አልቋል።

ከሳውላ መምህር፦ በግንቦት የሚለው ይስማማኛል፤ ሕጉንም ለዚህ ብቻ እደግፋለሁ። በተዳፋት አካባቢ መንገድ የሚሠራ ኩባንያ ውል ሲፈርም ማሽኑንና ኦፕሬተሩን በመጀመሪያው ሰዓት ለማሰማራት ይፈርም፤ የቆመበትን ቀን መንግሥት ይክፈለው። ፊሽካውን የሚይዘውን ሰው ግን ኩባንያ አይለግሰንም። እሱን ከመካከላችን መርጠን ማሠልጠን የእኛና የወረዳው ሥራ ነው፤ እስካሁን በየትኛው ቀበሌ ተመርጧል?