«100 በመቶ ታዳሽ» የሚባለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ አውሮፓ ውስጥ ያሉ አቅራቢዎች «አረንጓዴ» የሚሉት ታሪፍ አላቸው። ወደ ቤት የሚገባው ግን ከጎረቤት ጋር ያው አንድ መስመር ነው። ታዲያ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ኪሎዋት (የመጀመሪያው መላሽ የብዕር ስም)፦ ግሪድ (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መረብ) ውስጥ ከገባ በኋላ ከንፋስም ይምጣ ከጋዝ ኤሌክትሪኩ አይለይም። የሚለየው ሂሳቡ ነው። ታዳሽ ማመንጫ 1 ሜጋዋት ሰዓት (1,000 ኪሎዋት ሰዓት) ባመነጨ ቁጥር አንድ የምንጭ ማረጋገጫ ያገኛል፤ ብሪታንያ ውስጥ የሚሰጠው የኢነርጂ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም ነው። አቅራቢው ለደንበኞቹ በሸጠው መጠን ማረጋገጫ ገዝቶ ከመዝገብ ያሰርዛል፤ የተሰረዘው ዳግም አይሸጥም። እስከዚህ ማጭበርበር የለበትም።

ችግሩ ማረጋገጫው ከኤሌክትሪኩ ተነጥሎ መሸጡ ነው። አቅራቢው ኤሌክትሪኩን ምንጩ ካልተለየ የጅምላ ገበያ፣ ወረቀቱን (ማረጋገጫውን) ከሌላ ሰው መግዛት ይችላል። በዓመት 3,000 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈጅ ቤት 3 ማረጋገጫ ይበቃል። አንዱ 5 ዩሮ ነው ብንል ለዓመቱ 15 ዩሮ፣ በኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሳንቲም መሆኑ ነው። በዚህ ገቢ ተማምኖ አዲስ ተርባይን የሚተክል የለም።

ትራንስፎርመር (ሌላው መላሽ)፦ የኖርዌይን ነገር ልጨምርበት። ብዙዎቹ ግድቦቿ ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ማረጋገጫው ተሸጠም አልተሸጠ ውሃው ተርባይኑን ያዞራል። ወረቀቱ ጀርመን ሲሸጥ ጀርመናዊው ደንበኛ አረንጓዴ ይባላል። ማረጋገጫ ያልገዛው ኖርዌያዊ ደግሞ ግድቡ ሥር ቢኖር እንኳ፣ የውሃው ኃይል ለወረቀቱ ገዢ ስለተቆጠረ፣ በኤሌክትሪክ ምንጭ መግለጫው ላይ በአብዛኛው ከሰል፣ ጋዝና ኒውክሌር ያለበት ድብልቅ ይጻፍለታል። ቢናደድ አይፈረድበትም።

ደግሞ ሂሳቡ የሚዘጋው በዓመት ስለሆነ የሐምሌ ቀትር ፀሐይ ማረጋገጫ የጥርን ምሽት ፍጆታ መሸፈን ይችላል። በዚያ ምሽት ጭነቱን ብዙ ጊዜ ከሚሸከሙት አንዱ ግን ጋዝ ነው።

ጠያቂው፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ደህናውን ታሪፍ ወረቀት ብቻ ከሆነው በምን እለያለሁ?

ኪሎዋት፦ ከማመንጫዎቹ ጋር በቀጥታ የረጅም ጊዜ የግዢ ውል እንዳለው፣ ከሚሸጠውም ስንት በመቶው በዚያ ውል እንደሚመጣ ጠይቅ። የ10 ወይም የ15 ዓመት ውል ገና ላልተሠራ ማመንጫ ከባንክ ብድር ያስገኛል፤ ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው። የማመንጫዎቹን ስምና ሥራ የጀመሩበትን ዓመትም አስጽፍ። በመንግሥት ድጎማ የተሠራ ከሆነ ያላንተም ይሠራ ነበር። ስም መስጠት ካቃተው ወረቀት ብቻ ነው የገዛው ብለህ ገምት።

ትራንስፎርመር፦ ዋጋው ከተራው ታሪፍ እኩል ከሆነ ግባበት፣ አይጎዳህም። ብዙ ካስጨመረህ ግን በየሰዓቱ ዋጋው የሚለያይ ታሪፍ ይሻልሃል። ፍጆታን በየሰዓቱ የሚመዘግብ ስማርት ቆጣሪ ይፈልጋል፤ የመኪና ቻርጁንና የልብስ ማጠቢያውን ዋጋ ወደሚወርድበት ሰዓት ታዞራለህ፤ ዋጋው የሚወርደውም ብዙ ጊዜ ንፋሱ ወይም ፀሐዩ ሲበዛ ነው።