«ላይት» አንድ ቃል አይደለም

ከመካከላችን የተነሳው ጥያቄ ጥሩ ነው። እንግሊዝኛው «ላይት» እንዴት አንዴ ብርሃን፣ አንዴ ደግሞ ቀላል ሊሆን ቻለ? ብርሃን ክብደት ስለሌለው ይሆን?

ግምቱ ደስ ይላል፣ ግን አይደለም። ሁለቱ ላይቶች አይዛመዱም። ከተለያየ ሥር መጥተው ድምፃቸው የገጠመ ሁለት ቃላት ናቸው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ጊዜ እንኳ ሁለቱም «ሌኦኽት» ይባሉ ነበር። ጀርመንኛ ግን ዛሬም ለይቶ ይዟቸዋል፤ ብርሃን «ሊኽት» ነው፣ ቀላል ደግሞ «ላይኽት»። እኛም «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» ፊደሉ አይነግረንም። እኛን ግን ማጥበቅና ማላላቱ ያድነናል። እንግሊዞች ይህ የላቸውም።

የብርሃኑ ላይት ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ላቲኑ ብርሃንን «ሉክስ»፣ ጨረቃን «ሉና» ይላል። ግሪኩ «ሌውኮስ» ሲል ነጭ ማለቱ ነው። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፣ «ነጭ ደም» እንደማለት። አንዷን ዘመድ ደግሞ በደንብ እናውቃታለን። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በውጭው ዓለም ሉሲ ትባላለች። ሉሲ የሚለው ስም ከ«ሉክስ» የወጣ ነው።

የቀላሉ ላይት ዘመድ ደግሞ ማን እንደሆነ ብትገምቱ አታገኙትም፤ ሳንባ ነው! እንግሊዝኛው «ለንግ» ከዚሁ ከቀላልነት ሥር የተወለደ ነው። ሳንባ አየር ስላለበት ከሌላው የሆድ ዕቃ ይቀላል፣ ውሃ ውስጥ ቢጨምሩትም ይንሳፈፋል። ሩሲያኛም ሳንባን «ሊዮኽኮዬ» ይለዋል፣ ቀላሉ ማለት ነው። የእንግሊዝ ሥጋ ሻጮች ደግሞ የበጉን ሳንባ በቀጥታ «ላይትስ» ብለውታል።

አሁን ዋናው ችግር፦ ስናነብ የትኛው ላይት እንደሆነ በምን እንለያለን? እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ተቃራኒውን መፈለግ ነው። ተቃራኒው ጨለማ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ የብርሃኑ ነው፤ ከባድ ከሆነ የክብደቱ ነው። «ላይት ብሬክፋስት» ተቃራኒው ከባድ ቁርስ ነው፣ ስለዚህ የክብደቱ። «ላይት ስሊፐር» ማለትም በትንሽ ኮሽታ የሚነቃ ሰው እንዲሁ የክብደቱ ነው፤ በተቃራኒው ያለው «ሄቪ ስሊፐር»፣ እንቅልፈ ከባዱ፣ ነውና። «ላይት ብሉ» ግን ተቃራኒው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ስለሆነ የብርሃኑ ነው። እዚህ ላይ ብርሃን ሰምተው «ደማቅ ሰማያዊ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ስህተት ነው፤ ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው።

ፈሊጦቹ ላይ ዘዴው ይበልጥ ይጠቅማል። «ሜክ ላይት ኦፍ» ማለት አንድን ነገር አቅልሎ ማየት ነው እንጂ ማብራት አይደለም። የእኛው «አቃለለ» ልክ ቦታው ላይ ይቀመጣል። «ካም ቱ ላይት» ደግሞ የተደበቀ ነገር ይፋ ሲወጣ ነው። ለዚህ «ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው» የሚለውን ከመጠቀም የሚከለክለን ነገር የለም፣ ነገሩ በእርግጥ ሁሉም ጋ ከደረሰ።

ሌላው ጥያቄ አጻጻፉ ነበር፤ «light» መሃል ላይ የማይነበቡት ሁለቱ ፊደላት፣ g እና h፣ ምን ይሠራሉ? ድሮ ይነበቡ ነበር። ድምፁ ወደ እኛ «ኽ» የሚጠጋ ነው፤ በስኮትላንድ ንግግር ዛሬም «ሊኽት» የሚል ሰው አለ። በእንግሊዝ ድምፁ እየጠፋ ሄደ፣ ጽሕፈቱ ግን ባለበት ቀረ። ይህ እኛን ሊገርመን አይገባም። «ፀሐይ» ስንጽፍ «ፀ»ም «ሐ»ም በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ አንደበት ከ«ጸ» እና ከ«ሀ» መለየታቸው ቀርቷል፣ ፊደሎቹ ግን አሉ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ስለሚያሳዩኝ እኔ በበኩሌ እንዲጠፉ አልፈልግም።

በነገራችን ላይ «ዲላይት»፣ ደስታ፣ ዘመድ መስሎ የገባ ባዕድ ነው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ እነዚያ ዝም ያሉ ፊደላት የተጨመሩለት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ላይትን እንዲመስል።

«ላይተር»ስ ላላችሁት፦ ሲጋራ የምናቀጣጥልበት የብርሃኑ ልጅ ነው። በወደብ ሥራ «ላይተር» የሚባል ጠፍጣፋ ጀልባም አለ። ትልቁ መርከብ ዳር መድረስ ሲያቅተው ጭነቱን ወደዚህ ጀልባ እያወረዱ ያቀሉታል። ያ ደግሞ የክብደቱ ልጅ ነው። «አላይት»ም እንዲሁ ሁለት ነው። እሳት ሲይዝ የብርሃኑ፣ ከባቡር ወይም ከአውቶቡስ መውረድ ሲሆን የክብደቱ። የመጀመሪያ ትርጉሙ ከፈረስ ወርዶ ሸክሙን ማቅለል ነበር።