«የልብ ድካም» እና «35 በመቶ» ምን ማለት ናቸው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ62 ዓመት እናቴ ባለፈው ሳምንት ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥታ «ኢጄክሽን ፍራክሽን 35 በመቶ» የሚል ውጤት ተሰጠን፤ ሐኪሙም የልብ ድካም ነው አሉን። ቤተሰቡ ልቧ የቀረው ሲሶ ብቻ ነው ብሎ ተጨንቋል። አክስቴ ደግሞ የልብ ድካም ማለት ሰው ደረቱን ይዞ የሚወድቅበት ሕመም ነው ትላለች፤ እናቴን ግን ደረቷን አሟት አያውቅም። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ 1፦
ቁጥሩ እንደ ፈተና ውጤት ከመቶ የሚታሰብ አይደለም። የሚለካው የግራው የታችኛው የልብ ክፍል በአንድ ምት፣ ከያዘው ደም ምን ያህሉን ወደ ሰውነት እንደሚገፋ ነው። ለምሳሌ 120 ሚሊ ሊትር ይዞ 70ውን የሚገፋ ልብ 58 በመቶ ይባላል፤ ይህም ጤነኛ ነው። የያዘውን ደም አሟጦ የሚያወጣ ልብ የለም። ስለዚህ የእናትዎን 35 ማነጻጸር ያለብዎት ከ100 ጋር ሳይሆን ከ55 እስከ 70 ካለው ጋር ነው። ዝቅ ማለቱ ግን እውነት ነው፤ በመድኃኒት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

መልስ 2፦
አክስትዎ አይወቀሱ፤ ዜና አንባቢውም ሁለቱን ያደባልቃል። ሐኪሙ የልብ ድካም ያሉት ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መግፋት ሲያቅተው ነው። አክስትዎ ያሉት ደግሞ ልብን ራሱን የሚመግበው ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚመጣው ነው፤ እኔ ለዚህኛው፣ ባዕድ ቃል ቢሆንም፣ «ሃርት አታክ» ማለትን እመርጣለሁ። ሃርት አታክ ጠባሳ ትቶ የልብ ድካም ሊያስከትል ይችላል፤ የደም ግፊትም እንዲሁ። በአገራችን ደግሞ በልጅነት የተያዙት የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን በር) ጎድቶ ከዓመታት በኋላ ለድካም የሚዳርጋቸው ብዙ ናቸው። ለመሆኑ እናትዎ ስንት ትራስ ደርበው ይተኛሉ? እግራቸውስ ያብጣል?

ጠያቂው፦
በአንድ ትራስ ነበር የምትተኛው፤ ከሰሞኑ ሦስት ሆኗል። ጫማዋም ጠቧታል፤ እኛ ግን ብርድ ነው ብለን ነበር።

መልስ 2፦
ብርድ አይመስለኝም። በጋደሙ ጊዜ በእግር የተጠራቀመው ውሃ ወደ ሳንባ ስለሚመለስ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ትራሱ የበዛውም በዚህ ነው። ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ነገ ጠዋት ይውሰዷቸው፤ ሌሊት ትንፋሹ ከባሰባቸው ደግሞ ነገን አይጠብቁ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይያዙ፤ የትራሱን ነገርም ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።