ወደ ቀኝ ስታጠፍ ከጎኔ የደረሰው ብስክሌተኛ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በባሕር ዳር የቤት መኪና መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ከፔዳ በኩል ወደ መሀል ከተማ ስመጣ ብስክሌት የሚነዳ ተማሪ ከፊቴ ነበር። ቀድሜው ጥቂት እንደሄድኩ ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ልጁ ለካ ከጎኔ ደርሶ ኖሮ፣ ፍሬን ሲይዝ ካፊያ ባረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። በእግዚአብሔር ቸርነት ክርኑ ከመላጡ በቀር አልተጎዳም። ፍሬቻ አሳይቼ ስለነበር ጥፋተኛ ነኝ አላልኩም፤ ይሁን እንጂ ልቤ አላረፈም።

የመንጃ አሠልጣኝ፦
ወንድሜ፣ ፍሬቻ ሐሳብዎን ያስታውቃል እንጂ ቅድሚያ አይሰጥዎትም። ወዲያው የሚታጠፉ ከሆነ ልጁን መቅደም አልነበረብዎትም፤ ከኋላው ቀስ ብለው መታጠፊያውን እስኪያልፍ መጠበቅ ይገባ ነበር። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ብስክሌተኛ በ3 ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ስለዚህ ለመታጠፍ ፍጥነት ሲቀንሱ ወደ ኋላ የቀረ የመሰለዎት ሰው ከቀኝ በርዎ አጠገብ ይገኛል። ስፖኪዮ ብቻውን አያሳየውምና አንገትን ዞር አድርጎ ማየት የግድ ነው። በረጅም የጭነት መኪና ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ጠብቦ ስለሚያልፍ፣ በቀኙ የቆመ ብስክሌተኛ መውጫ ያጣል። ዳር ይዘው ቆመው ሲወርዱም በርዎን በቀኝ እጅዎ ይክፈቱ፤ ሰውነትዎ ስለሚዞር ከኋላ የሚመጣውን ሳይፈልጉም ያዩታል።

በብስክሌት ወደ ሥራ የምመላለስ፦
ከተማችን ሜዳ በመሆኗ ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል፤ ነገር ግን ብዙ አሽከርካሪዎች የአስፋልቱን ጠርዝ ለምን እንደማንይዝ አይገባቸውም። በክረምት ጠርዙ ላይ የተኛው ውሃ ከሥሩ ጉድጓድ ይኑር አይኑር አያሳይም፤ በበጋ አሸዋ ይከማችበታል፤ ተሳፋሪ ያየ ባጃጅም ድንገት ጥግ ይዞ ይቆምብናል። ጎማችን ዘወር ሲል ከጥጋብ አይደለም። ስለዚህ ሲቀድሙን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቁልን፤ ስፔንና ጀርመን ይህንኑ ርቀት በሕግ ደንግገውታል። ከጀርባችን ተጠግቶ ክላክስ መንፋትም ያስደነግጠናል። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ስላለ ነፍሴ ታርፋለች፤ ከዚያ ስወጣ ግን ያው ከመኪና ጋር ተጋፍቼ ነው የምነዳው። የእኛንም ጥፋት አልሸሽግም፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ያለ መብራት፣ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዱ አሉ፤ ይህን ማንም ሊከላከልላቸው አይገባም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መቅደሜ ስሕተት እንደነበር አሁን ገብቶኛል። የልጁን ቤት ስለማውቀው ነገ ሄጄ ወላጆቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ብስክሌቱንም ላስጠግንለት አስቤያለሁ። ምን ምን ላስፈትሽ?

ብስክሌት ጠጋኝ፦
ከሁሉ በፊት የፍሬን ጎማዎቹን ያስቀይሩ። ቸርኬውን በጎማ ቆንጥጦ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ቶሎ አይዝም፤ ጎማው ካለቀ ደግሞ ጭራሹን ይንሸራተታል። ካቮው አለመላላቱን፣ የፊት ቸርኬውም በመውደቁ አለመጣመሙን ይዩለት። ከኋላው ቀይ አንጸባራቂ ያስገጥሙለት፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ በጨለማም የመኪናን መብራት ተቀብሎ ከሩቅ ያሳየዋል።