የፒሲ ውሃ ማቀዝቀዣ ሞላሁ፣ አየሩ ግን አልወጣ አለኝ

የማራኪው፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ከጎንደር ነው የምጽፈው፣ ማራኪ። ቪዲዮ የምሠራበትን ፒሲ ወደ ውሃ ማቀዝቀዣ እየቀየርኩት ነው። ታሽጎ የሚመጣው ዓይነት ሳይሆን ዕቃው ለየብቻ ተገዝቶ የሚገጣጠመው። ዲ5 የሚባለው ፓምፕ ከሪዘርቯየሩ (ከውሃ ማጠራቀሚያው) ጋር የተያያዘ፣ የሲፒዩ (የፕሮሰሰሩ) ብሎክ፣ የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ) ብሎክ፣ ብሎክ ማለት ቺፑ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለውሃው የሚሰጠው ነው፣ ከላይ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር፣ ከፊት ባለ 240። ቱቦው ለስላሳው ነው። ሁሉም ዕቃ በሰው በሰው ከውጭ የመጣ ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ ፒያሳ ወጣ ብዬ የምተካው አይደለም። ለዚህ ነው ከመቀጠሌ በፊት ሠርታችሁ የምታውቁትን የምጠይቀው።

እስካሁን ያስነሳሁት ፓምፑን ብቻ ነው። ሪዘርቯየሩን ሞልቼ ሳበራው ውሃው ባንዴ ጭልጥ ብሎ ቱቦው ውስጥ ገባ፣ ፓምፑ መንጫጫት ሲጀምር ወዲያው አጠፋሁት። ጨምሬ፣ አብርቼ፣ አጥፍቼ፣ አሁን ውሃው ይዞራል። ግን ደቃቅ አረፋው አላልቅ ብሎ ሪዘርቯየሩ ነጣ ብሏል። ከላይኛው ራዲያተር ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። የጂፒዩ ብሎኩ ላይ ደግሞ በግልጹ ፕላስቲክ በኩል ሳየው፣ የላይኛው ጥግ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል አረፋ ተለጥፋ አትነቃነቅም። ግራ የገባኝ ይሄ ነው፦ ፓምፑን ሳጠፋ የሪዘርቯየሩ ውሃ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል፣ ሳበራ ይወርዳል። የሚያፈስ ቦታ የለም።

ይሄ ጤነኛ ነው? ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ትቼው ልተኛ? መብራት እንደምታውቁት ሄድ መጣ ይላል፣ እሱም አሳስቦኛል። የሞላሁት የባትሪ ውሃ ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን የቧንቧ ውሃ አፍልቶ ማጥለል ይበቃል ይላል።

ሰማያዊ ቱቦ፦

ቶሎ ማጥፋትህ ትልቅ ነገር ነው። ዲ5 ውስጡ የሚቀባውም የሚቀዘቅዘውም በሚያልፍበት ውሃ ነው፣ ደረቁን ከዞረ የሚሽከረከርበት ቦታ ይበላል። አየር ስቦም ውሃ ማምጣት አይችልም። ውሃው በክብደቱ ወርዶ ፓምፑ ጋ መድረስ አለበት፣ ሪዘርቯየሩ ከፓምፑ ቀድሞ፣ ከፍም ብሎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ከዚያ ውጪ የቱ ብሎክ ይቅደም፣ የቱ ራዲያተር ይከተል ብለህ አትጨነቅ። ውሃው ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር በመሃል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው።

ከፍ ዝቅ የሚለው ውሃ አየር እንደታሰረ እየነገረህ ነው። ውሃ አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። ፓምፑ ሲገፋ የታሰረው አየር ይጠብና ውሃው ቦታውን ይይዛል፣ ፓምፑ ሲቆም አየሩ ተመልሶ ይሰፋና ውሃውን ወደ ሪዘርቯየሩ ይመልሰዋል። ያቺን አንድ ጣት እንደ መለኪያ ያዛት። እያነሰች ከሄደች አየሩ እየወጣ ነው።

አየሩ ያለበትን ቦታ ደግሞ ድምፁ ነግሮሃል፣ ላይኛው ራዲያተር ነው። ቱቦው የሚገባበት አፍ ወደ ታች ዞሮ ነው የተገጠመው አይደል? አየር ሁልጊዜ ከፍ ያለውን ቦታ ይይዛል፣ እዚያ ራዲያተር ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ መውጫ የለውም። ፓምፑ ከሥሩ ውሃ እያሳለፈ አየሩን እዚያው ይተወዋል። ቢገፋው ቢገፋው አይወጣም፣ መውጫውን ከፍ ማድረግ ያለብህ አንተ ነህ።

እንዲህ አድርግ። ፓምፑን አጥፋ። የሪዘርቯየሩን ክዳን በደንብ ዝጋ፣ ይሄን የረሳ ሰው ማዘርቦርዱን (የፒሲውን ዋና ሰሌዳ) ያጥባል። ኬዙን አንስተህ የራዲያተሩ አፍ ያለበት ጫፍ ከሁሉም ከፍ እንዲል አጋድለው፣ ትንሽ ያዘው፣ ወዘወዝ አድርገው። ድብልቅልቅ ብሎ አየሩ ሲንቀሳቀስ በጆሮህ ትሰማዋለህ። ከዚያ መልሰህ አቁመው፣ ፓምፑን አብራ፣ ያ አየር ተጠርጎ ሪዘርቯየሩ ውስጥ ዱብ ይላል። ውሃው ይወርዳል፣ አጥፍተህ ትጨምራለህ። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ በየተራ። ፓምፑ እየሠራ ማጋደልም ይቻላል፣ ግን የፓምፑ መግቢያ ከውሃ በታች መሆኑን ዓይንህ እያየ ብቻ ነው፣ ድምፁ ከተለወጠ ባንዴ መልሰው። ቱቦህ ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፣ ከጂፒዩ ብሎኩ ቀጥሎ ያለውን ጨበጥ ለቀቅ ጨበጥ ለቀቅ አድርገው። ያቺ ጥግ ላይ የተለጠፈችው አረፋ የምትነሳው በእንደዚህ ዓይነት ድንገተኛ ግፊት ነው።

ሽቦ ቆጣሪ፦

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ። ፓወር ሰፕላዩን (ለፒሲው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሣጥን) እንዴት ነው ያስነሳኸው? ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ንቀል። በሙሊትና በአየር ማስወጣት ጊዜ ኤሌክትሪክ ማግኘት ያለበት ፓምፑ ብቻ ነው። 24 ፒኑም (ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ትልቁ መሰኪያ)፣ የሲፒዩውም፣ የጂፒዩውም ገመድ ይነቀላል። ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርዱ እንዲነሳ 24 ፒኑ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ታገናኛለህ። ከአረንጓዴው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ የቱም ይሆናል። ገመዱ ሁሉ ጥቁር የሆነበት ፓወር ሰፕላይ ካለህ በግምት አትሰካ፣ ከፓወር ሰፕላይ ወይም ከፓምፕ ጋር ለዚሁ ብላ የምትመጣ ትንሽ መሰኪያ አለች፣ ካርቶኑን ፈትሽ። ሽቦውን ስትነካካ የኋላው ማብሪያ ማጥፊያ የጠፋ ይሁን።

ሰማያዊ ቱቦ ካለው ላይ የምጨምረው የፍጥነት ነገር ነው። ሰው ሁሉ ፓምፑን በሙሉ ኃይል ለቆት ይጠብቃል። ሙሉ ኃይል ትልልቁን አየር ለማባረር ጥሩ ነው፣ ደቃቁን አረፋ ግን ሪዘርቯየሩ ውስጥ እያማታ መልሶ ይውጠዋል። ውሃህ የነጣውም ለዚህ ይመስለኛል። ቀስ ስታደርገው አረፋው ወደ ላይ ለመንሳፈፍ ጊዜ ያገኛል። ለጥቂት ደቂቃ ከፍ፣ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ዝቅ። የፓምፑ የፍጥነት ሽቦ ካልተሰካ አንዳንዱ በሙሉ ይሄዳል፣ አንዳንዱ በመካከለኛ፣ ስለዚህ ያንተ የቱ እንደሆነ እየው።

የአዘዞው፦

ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። መኪናና ጄኔሬተር ላይ ነው የኖርኩት። ራዲያተር ግን ራዲያተር ነውና ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ ልናገር።

ጓደኛህ ያለውን አትስማ። ውሃ ስታፈላው ተን ሆኖ የሚሄደው ንጹሑ ነው፣ ጨውና ኖራው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም ይበዛል። ማጥለልም የሟሟውን አይዝም። የአንገረብ ውሃ ለመጠጥ ታክሞ የሚመጣ ነው፣ ለእንዲህ ያለ ቀጭን ብሎክ ግን አይሆንም። የታሸገ ሃይላንድም ያው ማዕድን አለው። የባትሪ ውሃ መግዛትህ ትክክል ነው። ብቻ ስትገዛ ጽሑፉን አንብብ፣ ባለሱቁ ውሃውንም አሲዱንም ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፣ ጀሪካኑ ሊመሳሰል ይችላል። አሲድ ከገባ ብረቱን ይበላዋል።

የባትሪ ውሃ ብቻውን ደግሞ ለማጠብና ለመፈተሽ እንጂ ለከርሞ አይሆንም። ዝገት የሚከላከልና አረንጓዴ ነገር እንዳይበቅል የሚያደርግ ይፈልጋል። ራዲያተርህ መዳብ ነው ወይስ አሉሚኒየም? ብሎኩ መዳብ ሆኖ ራዲያተሩ አሉሚኒየም ከሆነ ምንም ብትጨምርበት አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። ይሄን ሳትፈትሽ አትዝጋው።

መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል፣ በዚያ ምንም የሚጎዳ ነገር የለም። ጉዳቱ ሲመጣ ነው። ያቺ አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ከታሰረች መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው ፓምፑ ይነሳል። አንተ ገበያ ሄደህ፣ ሪዘርቯየሩ ጎድሎ ወይ ክዳኑ ተከፍቶ ከሆነ አስበው። መብራት እንደሄደ የኋላውን ማጥፊያ ማጥፋት ልመድ። ሌሊት ትቶ መተኛቱን አሁን አልመክርህም። መጀመሪያ ነቅተህ አጠገቡ ተቀምጠህ፣ ሥራህን እየሠራህ፣ ጥቂት ሰዓት እየው።

ሰማያዊ ቱቦ፦

ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። የመኪና ኩላንት ልጨምርበት እንዳትል፣ ለፒሲ የሚሆነው ለብቻው ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ ከባትሪ ውሃ ጋር የሚበጠበጥ ትንሽ ጠርሙስም አለ። ያ ዕቃ የሚያመጣልህ ሰው ሲመጣ እሷን አስመጣ፣ ክብደት የላትም። አልኮል ያለበት ነገር ደግሞ ግልጹን ፕላስቲክ ይሰነጥቀዋል፣ በማጽጃም ቢሆን እንዳታስነካው።

ራዲያተሮቹን ሳትገጥም አጥበሃቸው ነበር? አዲስ ራዲያተር ውስጥ የብየዳ ትራፊ ይኖራል። ሞቅ ያለ የባትሪ ውሃ ግማሽ ድረስ አድርገህ፣ አፉን ዘግተህ፣ ደህና አድርገህ ነቅንቀህ ነጭ ጨርቅ ላይ ትደፋዋለህ፣ ጨርቁ ላይ ምንም እስኪጠፋ ድረስ። ካልታጠበ አሁን ያለውን ውሃ የመጨረሻ አታድርገው። አየሩን አስወጣ፣ ይዙር፣ ከዚያ ደፍተህ በአዲስ ሙላ።

የማራኪው፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ በተለይ ጋሼ እርስዎን፣ ስለ መብራቱ ያሉትን ማንም አልነገረኝም ነበር። ማዘርቦርዱ ተነቅሏል፣ ፓምፑ ብቻ ነው የተሰካው። ራዲያተሮቹ መዳብ ናቸው፣ ታጥበዋል፣ ካርቶኑ ላይ አይቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜ አንዱን ጎን ይዞልኝ አጋደልነው። ወደ ኋላ ስናዘነብለው ላይኛው ራዲያተር ውስጥ ግልብጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ አቁመን ስናበራው ጀሪካን አፉን ተደፍቶ እንደሚያንቋርረው እያለ አየሩ በአንድ ጊዜ መጣ፣ ሪዘርቯየሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ለመጨመር እምብዛም ቦታ ስለሌለ የሃይላንድ አፉን ቆርጬ ገልብጬ ክዳኑ ቀዳዳ ላይ አስቀመጥኩት፣ የመጨረሻዋን በመርፌ። ጂፒዩ ላይ ያለችው አረፋ ቱቦውን ስጨብጠው መጀመሪያ ለሁለት ተከፈለች፣ ከዚያ ትልቋ ጠርዙን ይዛ ሸርተት ሸርተት እያለች መውጫው ጋ ደረሰችና ጥፍት አለች። ትንሿ ግን አለች አሁንም። ፓምፑ ሲጠፋና ሲበራ ያለው የውሃው ልዩነት አሁን ካላስተዋልከው አይታይም።

ፓምፑን ዝቅ አድርጌዋለሁ፣ መንቦጫረቁ ጠፍቷል። የቀረው ደቃቅ አረፋ ነው። አሁን ማዘርቦርዱን ሰክቼ ላስነሳው ወይስ እሱም ይጥራ?

ሽቦ ቆጣሪ፦

ትንሿ አረፋ አትከልክልህ፣ ውሃው ሲሞቅ ራሷ ትሄዳለች። ደቃቁም እንደዚያው፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ሙቀት ላይ የሚያመጣው ነገር የለም። ልብ በል፣ ድምፅ ያለው አየር ነው የሚያሳስበው፣ ብሎክ ውስጥ ወይ ፓምፕ ውስጥ የሚንጫጫ። እሱ የለም ብለሃል።

ከመሰካትህ በፊት ግን እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ሶፍት አጥፈህ አድርግ፣ ጂፒዩው ሥርም። ፓምፑ ጥቂት ሰዓት ይሥራ። ሶፍት ላይ ጠብታ በደንብ ይታያል፣ በጣት ዳሰሳ የማታገኘው እንኳ። ካፈሰሰ በመፍቻ ለማጥበቅ አትሩጥ፣ ብዙ ጊዜ ጎሚኒው ተጣሞ ነው፣ ፈተህ አስተካክለህ በእጅ አጥብቀው። ቦርድ ላይ ከነካ ደግሞ ጠርገህ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሳትቸኩል ነው የምትሰካው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሙቀቱ። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ቁጥር አይተህ የኔ ለምን ከፍ አለ፣ አየር ቀርቶ ይሆን እንዳትል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ውሃው ከክፍሉ ሙቀት ያለው ልዩነት ትንሽ ሰፋ ቢል የሚጠበቅ ነው። ፋኑን ትንሽ ከፍ አድርገው እንጂ ፈተህ አትግጠም።

የአዘዞው፦

ክዳኑን ስትዘጋ እስከ አፉ አትሙላው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከላይ ትንሽ አየር ይቅርለት፣ እዚያ ያለ አየር አይጎዳም፣ ፓምፑ ጋ አይደርስም።

ከዚያ ውሃው ያለበትን ቦታ ፓምፑ እየሠራ በማርከር አስምርበት። በሚቀጥሉት ቀናት መውረዱ አይቀርም። ሲወርድ መጀመሪያ ሶፍቱን እይ፣ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ አየር ወጥቶ ነውና አጥፍተህ ጨምርበት።